ባለጉዳይነት እንዴት ይለመዳል

ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የቆመውን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው የአዲስ አበባ ሕዝብ ሥርዓት አክባሪ ነው ብሎ ይመሰክራል። ሰልፉ ረዝሞ ጥግ ይዞ ይታጠፋል፤ የመኪና መግቢያ ሲያጋጥመው ይከፈትና ማዶ ይቀጥላል። የሚጮህ የለም። መሃል ልግባ የሚል ቢመጣ ከኋላ ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ ይነሣበታል፤ አፍሮ ወደ ጭራው ይሄዳል። ይኸው ተሳላፊ ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። በር ላይ ይገፋል፤ "ለጥያቄ ብቻ ነው" ብሎ ያልፋል፤ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ካለ ይደውላል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለማመጣል።

ይህን "ሕዝባችን ገና አልሠለጠነም" በሚለው የተለመደ ወቀሳ ማስረዳት አይቻልም። ሰውዬው ያው ነው፤ በመሃሉ ያለፈው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የተለወጠው የቆመበት ቦታ አሠራር ነው። የሁለቱን ሰልፎች አሠራር ፈታቶ ማየት፣ ጠባይ ወይም ባህል እያልን የምንጠራው ነገር ምን ያህሉ ከተቋማት እንደተማርነው ያሳያል።

የታክሲው ሰልፍ ራሱም ጭራውም ለሁሉም ይታያል። አንድ ሚኒባስ ሲመጣ ወደ አሥራ ሁለት ሰው ይነሣል፤ ስለዚህ አርባኛ ላይ የቆመ ሰው አራተኛው መኪና የእሱ መሆኑን ቆጥሮ ያውቃል። ታሪፉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የጓሮ በር የለውም፤ ሾፌሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ ሰልፈኛው ዓይን ሥር አልፎ መግባት አለበት። ተራ አስከባሪው ደግሞ ገቢውን የሚያገኘው ከሚጭኑት ታክሲዎች ስለሆነ ሰልፉ ከፈረሰ የሚጎዳው እሱም ጭምር ነው። በዚህ ሁኔታ ሥነ ሥርዓት ማክበር የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ያዋጣል።

ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክረምት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆንና ዝናብ ሲጥል፣ ታክሲዎች ወደ ተራው መምጣት ትተው ከተራው ወጣ ብለው መንገዱን እየቆራረጡ ይጭናሉ። ያን ጊዜ ሰልፉ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀልጣል። ጠዋት ለአሮጊት ቦታ የለቀቀው ወጣት በክርኑ እየተጋፋ ይገባል። ጨዋነቱ የትም አልሄደም፤ ቆሞ መጠበቅ ቤት የማያደርስ ስለሆነ ነው።

የወረዳው ሰልፍ ደግሞ የፊት ጫፉ አይታይም። ወረቀቱ በመስኮት ገብቶ ወደ ኋላ ክፍል ይሄዳል፤ ከፊቱ ስንት ፋይል እንዳለ የቆመው ሰው አያውቅም። ከኋላ በር ማን እንደገባም አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ሰው እንደገባ ያስባል። የሚጠየቀው ማስረጃ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሊለይ ይችላል። ተመልሶ መምጣት የቀን ሥራ የሚያስቀር ነው፤ ለቀን ሠራተኛ ደግሞ የቀን ሥራ ማለት የቤተሰብ እራት ነው። ይህን ሁሉ ደምሮ ያሰበ ሰው መጋፋቱ፣ ዘመድ መፈለጉ፣ መለማመጡ የሚጠበቅ ነው። ጉዳይ ገዳይ የሚባለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚበቅለውም እዚሁ ክፍተት ላይ ነው፤ በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር መረጃ ነው። የትኛው ወረቀት እንደሚቀድም፣ ኃላፊው በየትኛው ቀን እንደሚፈርም፣ የትኛው ክፍል እንደተዛወረ ያውቃል። ጉቦው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ደጅ ጥናት

ይህ አሠራር ከዛሬ የመጣ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ሹመት፣ ርስት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው ከመኳንንቱ ደጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጠና ነበር። ደጅ መጥናት ማለት መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ መታየት ነበር። ጌታው ሲወጣና ሲገባ ያን ፊት ደጋግሞ ማየት ነበረበት።

ዛሬ አንድ ወጣት ማስረጃ ሊያወጣ ሲሄድ ታላላቆቹ የሚሰጡት ምክር አልተለወጠም፤ "ተመላለስ፣ ፊትህን ይልመዱት" ይሉታል። ምክሩ የሚሠራበት ምክንያት አለው። ብዙ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል የሚነሣው በገባበት ቀን ተራ ሳይሆን በሰው እጅ ነው። ባለጉዳዩ ሲመጣ ሠራተኛዋ ከክምሩ ውስጥ ፈልጋ ታወጣዋለች፤ ስለወጣ ላይ ይቀመጣል፤ ላይ ስለተቀመጠ ቶሎ ይታያል። ያልመጣው ሰው ፋይል ከሥር ይቀራል። ስለዚህ የሚመላለሰው ያሸንፋል፤ ሲያሸንፍም ምክሩ ለልጁ ይተላለፋል። በሌላ በኩል ሠራተኛዋ የሚመላለሱት ስለበዙባት ጊዜዋ ፋይል በመፈለግ ያልቃል፤ ክምሩም ያድጋል። አንዱ ሌላውን እየመገበ ይኖራል። እዚህ ላይ ሰነፍ ሰው ፍለጋ መግባት ብዙ አይጠቅምም፤ በቀንና በቁጥር ተራ የማይሄድ መዝገብ ቤት ታታሪውንም ሰነፍ ያስመስለዋል።

ቋንቋችንም የዚህን ደጅ አሻራ ይዟል። አንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ከሚማራቸው ደንቦች አንዱ ሲጠራ የሚመልሰው ቃል ነው። ታላቅ ሲጠራው "አቤት" ይላል፤ እኩያው ሲጠራው "ወዬ" ቢል ይበቃል፤ ለታናሹ "ምን" ቢልም አያስነውረውም። ለታላቅ "ምን" ካለ ግን "አቤት አይባልም?" ተብሎ ይገሠጻል። ይኸው "አቤት" የተበደለ ሰው በዳኛና በንጉሥ ፊት የሚያሰማው ጩኸት ነው፤ አቤቱታ የምንለውም ከዚያው ነው። መታዘዝና ፍትሕ መጠየቅ በአንድ ቃል ታስረው ስላደጉ፣ መብቱን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ሳያስበው የልመና ቃና ይይዛል። በሕግ የተወሰነለትን ማስረጃ ሊወስድ የሄደ አባወራ "እባክዎ ተባበሩኝ" ሲል መስማት የተለመደ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም ቃል ነበር። "በሕግ አምላክ!" ያለ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጠብ ያስቆም ነበር፤ የሚሄደውን ያቆም፣ ወደ ዳኛም ይወስድ ነበር። ለዚህ ሹመት አያስፈልግም ነበር። ሕጉ በተራው ሰው አፍ ላይ ሥልጣን ነበረው ማለት ነው። አሁን ቃሉ የቀረው በአብዛኛው እንደ አጋኖ ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚተካ ነገር አይመስለንም።

ቃልን በትእዛዝ መለወጥ እንደማይበቃም አይተናል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ማዕረግ ተነሥቶ ሁሉም "ጓድ" እንዲባባል ተደረገ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ "ጓድ" አብሮ ጠፋ፤ "አቶ" እና "ወይዘሮ" እንደ ነበሩ ቀጠሉ። ማኅተሙን የያዘው ሰው "ጓድ" ተብሎ ሲጠራም የሚለመነው እንደ ጌታ ነበር፤ ደጁ ስላልተለወጠ ቃሉ ሥር አልያዘም።

የጣራው ነገር

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። አዋጁ ዝቅተኛ ኪራዮችን ቀነሰ፤ ለብዙ ድሃ ቤተሰብም እውነተኛ እፎይታ ነበር። ከአከራይ ጭቅጭቅ ያወጣው ስለሆነ ዛሬም በበጎ የሚያነሡት አረጋውያን አሉ፤ እውነት አላቸው።

ከዚያ የሆነው ግን የተቋም አሠራር እንዴት የሰውን ልብ እንደሚቀርጽ የሚያሳይ ነው። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት በጥቂት ብር ቆመ። በጥቂት ብር ኪራይ ቀበሌው ጣራ ሊቀይር አይችልም። ተከራዩ ራሱ ልቀይር ቢል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ መሐንዲስ፣ ማመልከቻ፣ ምልልስ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የሠራ ደግሞ ይቀጣል ወይም የሠራው ይፈርስበታል። ፈቃድ አግኝቶ ቢያድስም ያወጣው ገንዘብ የእሱ አይደለም፤ ቤቱ የመንግሥት ነው። ስለዚህ ሰው የሚሠራው ሥራ በዚህ ልክ ይሆናል፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በላስቲክ ይሸፍናል፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ ይጭናል፣ ግድግዳውን ከውስጥ በጋዜጣ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ይለብዳል። የሚያወጣው ገንዘብ ተነቃይ በሆነ ነገር ላይ ይውላል፤ ቡፌ፣ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ። ከውጭ የዘመመ፣ ከውስጥ ግን የተሟላ ቤት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ የኋላ መንደሮች ብዙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያዩ ሰዎች "ሕዝቡ ንጽሕና አይወድም" ሲሉ መስማት ያሳዝናል። ሰዉ ብልሃቱን ያዋለው በሚነጠቀውና በማይነጠቀው ነገር መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ቤቱ ውስጥ ያለው ዝምድናም በፋይሉ ልክ ይታጠፋል። በቅጹ ላይ የማን ስም አለ? ተከራዩ ሲሞት ማን ይወርሳል? ያገባች ልጅ ከአባቷ ፋይል ትውጣ ወይስ ትቆይ? ደባል ሆኖ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ስሙ ከቤቱ ጋር ካልተያያዘ ቤቱ ሲፈርስ ምን ይሆናል? በመልሶ ማልማት ጊዜ ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም አማራጭ ሲያገኙ፣ ከሰው ላይ የተከራየው አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ መታወቂያውን አራዳ አስቀምጦ ራሱ አያት ሰፈር ይኖራል፤ ጋብቻውን ሳያስመዘግብ ይቆያል፤ ወንድማማቾች በአንድ ቅጽ ምክንያት ይቀያየማሉ። ከውጭ ሲታይ ውሸት ይመስላል። በቅርብ ሲታይ ግን ጠባብ የሆነው ቅጹ ነው፤ የሰው ኑሮ ከቅጹ ስለሚሰፋ የሚተርፈው ክፍል ይደበቃል።

ስለ ቅጽ ከተነሣ አንድ መስመር መታለፍ የለበትም። ለብዙ ዓመታት የቀበሌ መታወቂያ "ብሔር" የሚል መስመር ነበረው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ አባቱ ከአንድ እናቱ ከሌላ ብሔር፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ጸሐፊው ፊት ቆሞ አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቅ ነበር። መስመሩ አንድ ቃል ብቻ ይይዛል። ብዙዎች ስለ ማንነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ብቻ አድርገው ያሰቡት በዚያች ደቂቃ፣ ከኋላቸው ሰው እየገፋቸው ነው። ማንም አልሰበካቸውም። የቅጹ ስፋት በቂ ነበር።

ማን ወሰነ?

ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ብቻ ሆኖ አልቆየም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌዎች አብዮት ጥበቃ ነበራቸው፤ እስር ቤት ነበራቸው፤ ቤት ለቤት አሰሳ ይደረግባቸው ነበር። ስኳርና ዘይት የሚገዛውም በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነበር። አንድ በር ስኳር ይሰጣል፣ ማስረጃ ይጽፋል፣ ሰውም ያስራል። በኋላ ዘመን አንድ ሰው አምስት ሰዎችን የሚያስተባብርበት "አንድ ለአምስት" የሚባለው አደረጃጀት መጣ፤ ዛሬም የመንደሩ ሸማቾች ማኅበር ዘይት ሲያስገባ ወሬው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ቁጥጥርና አገልግሎት በአንድ በር የሚወጡበት ተቋም ሰውን ሁለት ነገር ያስተምረዋል፤ ከበሩ አለመራቅን፣ በበሩ አጠገብም አለመናገርን። በካፌ ውስጥ ስለ አስተዳደር የሚያወራ ሰው ድምፁን የሚቀንሰው፣ ስምም የማይጠራው፣ ማንም እየሰማው ባይሆን እንኳ ከዚያ ትምህርት የተረፈ ልማድ ነው። ያን ዘመን ያላዩ ልጆችም ከእናታቸው ሹክሹክታ ተምረውታል።

ከስም አለመጥራት ጋር የሚሄድ የንግግር ሥርዓት አለን። "ተወስኗል።" "ተብሏል።" "መመሪያ ወርዷል።" "ከላይ ነው።" "የሚመለከተው አካል ያየዋል።" አማርኛ ግስ አድራጊውን ሳይጠራ ድርጊቱን ሙሉ አድርጎ ይናገራል፤ ይህ የቋንቋው ጸጋ ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ግን መጠለያ ይሆናል። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ አዲስ አድራጊ ተጨምሯል፤ "ሲስተም የለም" ወይም "ሲስተሙ እምቢ አለ" ይባላል። ኔትወርክ በእውነት የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ችግሩ የተቋረጠበትና ያልተቋረጠበት ጊዜ ከመስኮቱ ወዲህ ላለው ሰው አንድ ዓይነት መምሰሉ ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሠራተኛ መረዳት ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ትንታኔው ወደ ስድብ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነው፤ ደመወዙ የቤት ኪራይ አይችልም። ከፊቱ ያለው ምርጫ ቀላል ሒሳብ ነው። ቢፈርምና ፊርማው ስሕተት ቢሆን ኦዲት አለ፣ የዲሲፕሊን ክስ አለ፣ ባስ ሲል እስራት አለ። ባይፈርምና ቢያዘገይ ግን ምንም አይደርስበትም። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል። "መሸኛ አምጡ።" "ያላገባ ማስረጃ አምጡ።" "ከክፍለ ከተማ ይጻፍልን።" እያንዳንዱ ወረቀት ለእሱ ኢንሹራንስ ነው፤ ነገ "ለምን ፈረምክ?" ቢባል "እነሱ ጽፈውልኝ ነው" ይላል። የጻፈው መሥሪያ ቤትም በበኩሉ ከሌላ ተጽፎለት ነው። ባለጉዳዩ በአራት መሥሪያ ቤት ሲዞር የሚሸከመው የራሱን ማስረጃ ብቻ አይደለም፤ የአራት ሠራተኞችን ፍርሃት ነው። መዘግየትን የሚቀጣ ነገር እስካልመጣ ድረስ የሥነ ምግባር ሥልጠና ብቻውን ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

አድራጊው የጠፋበት ንግግር ከቢሮ ወጥቶ ሰፈር ይገባል። "ይፈርሳል ተባለ።" "ዘይት ሊጠፋ ነው ተባለ።" "ምዝገባ ሊጀመር ነው ተባለ።" ቀን ያለበት፣ ፊርማ ያለበት ማስታወቂያ በጊዜ ካልወጣ ወሬ የማስታወቂያን ሥራ ይሠራል። ይፈርሳል የተባለበት ሰፈር ሰው ግድግዳ አያስለስንም፤ ልጁን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት አያስመዘግብም፤ ባለሱቁ ዕቃ አያበዛም። ሰፈሩ በአፍራሽ ግብረ ኃይል ከመፍረሱ በፊት በ"ተባለ" መፍረስ ይጀምራል።

ዕጣ

በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. የተካሄዱት የኮንዶሚኒየም ምዝገባዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አሰባስበዋል። በሁለተኛው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ መርሐ ግብሮች ነበሩ፤ የፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ የኋለኛው በብድር የሚሸፈነው የዋጋው መቶኛ ነው፤ ተመዝጋቢው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየወሩ ይቆጥባል፣ ከዚያ ዕጣ ይጠብቃል። የመቆጠብ ባህል በብዙ ቤት የገባው በዚህ ነው። ወር በገባ ቁጥር ከአስቤዛ በፊት ለባንክ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ተፈጠሩ፤ ይህ ተቋም ያመጣው በጎ ልማድ ነው፤ ሊነገርለት ይገባል።

ነገር ግን ቁጠባው በሥርዓት፣ ውጤቱ በዕጣ ነበር። ሰው ግዴታውን ሳያጓድል አሥር ዓመት ይቆጥብና ስሙ ያልወጣበትን ምክንያት የሚያስረዳው ነገር "ዕድሌ ነው" ብቻ ይሆናል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ ሶፍትዌሩ ላይ ማጭበርበር መፈጸሙ ተገልጾ ዕጣው ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። መሰረዙ ተገቢ ነበር። በሰው አእምሮ ላይ የጣለውን ግን ማሰብ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ያልደረሰው ሰው በዕድሉ ያዝን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀደሙትን ዙሮችም ወደ ኋላ ተመልሶ መጠራጠር ጀመረ። ጥርጣሬው ትክክል ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም። ዕጣ አሠራሩ በግልጽ የሚታይና በውጭ ሰው የሚመረመር ካልሆነ፣ እንደ ወረዳው የኋላ ክፍል የፊት ጫፉ የማይታይ ሰልፍ ነው።

የኪራይ ሕጉም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። ለተከራይ ትልቅ ጥበቃ ነው። የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ምዝገባው ከኪራይ ገቢ ግብር ጋር ስለሚገናኝ አከራዩ ዝቅ ያለ ዋጋ ማስመዝገብ ይፈልጋል። ተከራዩ ሌላ ቤት ማግኘት ከባድ መሆኑን ስለሚያውቅ ይስማማል። ውሉ ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ ይሆናል። ከዚያ ሁለቱም አጥፊዎች ናቸው፤ ተከራዩ ሲበደል ወደ ወረዳ ሄዶ "በሕግ አምላክ" ማለት አይችልም፤ የራሱም ፊርማ ሐሰት ላይ አለ። ዝምታው የሚገዛው በዚህ ነው። ይህን የሚሰብረው ቅጣት ማክበድ አይመስለንም፤ ቀድሞ ለተናገረ ተከራይ ሙሉ ከለላ መስጠት ነው።

ከመንገዱ ዳር

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመሃል ከተማውን ጠባይ በአጭር ጊዜ ለውጦታል፤ ለዚህ ርዕሰ ጉዳይ ከዚህ የቀረበ ማሳያ የለም። ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ ታች ያለው መንገድ ሰፊ የእግረኛ ንጣፍና መብራት አገኘ፤ ምሽት ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸራል። አጥር ሥር መሽናትና ቆሻሻ መጣል በጣም ቀንሷል። ቅጣቱ አለ፤ ግን ቅጣት ድሮም ነበር። አሁን የተጨመሩት ሁለት ነገሮች መብራቱና መጸዳጃ ቤቱ ናቸው። በጨለማና መጸዳጃ በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ቅጣት ሰው መደበቅን ብቻ ያስተምር ነበር።

በዚያው መንገድ ዳር ሌላ ትምህርትም ይሰጣል። ጎዳና ላይ የሚሸጡ ሰዎች ሸራቸውን የሚያነጥፉት አራቱን ጫፍ በአንድ እጅ አፋፍሶ ለመሮጥ በሚመች መንገድ ነው። የሚይዙት ዕቃ ካልሲ፣ ቻርጀር፣ የልጅ ልብስ የሆነው ገዢ ስለመረጠው ብቻ አይደለም፤ ሲሮጡ የማይሰበርና የማይፈስ ስለሆነ ነው። ዓይናቸው ከገዢው ይልቅ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ነው፤ ደንብ አስከባሪ ሲታይ ከአንዱ ወደ ሌላው ፉጨት ያልፋል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ዕቃ አይጨምርም፣ ደንበኛ አያፈራም፣ ቋሚ ዋጋ አያወጣም። ገዢውም "ነገ አላገኘውም" ብሎ አያምነውም፤ ይከራከረዋል። በመካከላቸው ያለው አለመተማመን የሁለቱም ጠባይ አይደለም፤ ሸራው በማንኛውም ሰዓት ሊነሣ መቻሉ ነው። የእሁድ ገበያ በሚቆምባቸው ቦታዎች ያሉትን ሻጮች ማየት ይበቃል። ቦታቸውና ሰዓታቸው ስለሚታወቅ ሽንኩርቱን በጥራት ለይተው ይደረድራሉ፤ "በሚቀጥለው ሳምንት አመጣልሻለሁ" ይላሉ፤ ያመጣሉም።

በመሥሪያ ቤቶችም የሚለወጡ ነገሮች አሉ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ የሚወስደው ስም፣ የልደት ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ነው፤ የብሔር መስመር የለውም። ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይጠየቃል። በዚያው ዓመት መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀምሯል። ክፍያ በቴሌብር ሲሆን ብር ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም፤ "መልስ የለኝም" የሚባለው ትንሽ ድርድርም አብሮ ይቀራል። አደጋውም ግልጽ ነው። ስኳር፣ ማስረጃና ቁጥጥር በአንድ በር ይወጡበት የነበረውን ቀበሌ የሚያስታውስ ሰው፣ ሁሉ ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ሲሰበሰብ ቁጥሩን ማን እንደሚያየው፣ ለምን እንደሚያየውና ባየ ጊዜም ማየቱ ይመዘገብ እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው።

እስከዚያው ድረስ መስኮቱ ፊት የቆመ ሰው የሚችለው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ማመልከቻን በሁለት ኮፒ ጽፎ መሄድ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት መስጠት፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ። ሠራተኛው "አያስፈልግም፣ በቃል ይበቃል" ቢል አለመቀበል። ጭራሽ እምቢ ከተባለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክና ደረሰኙን መያዝ። ጉዳዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስለዚህ "አይሆንም" የተባለ ሰው "ይኸው በጽሑፍ ይሰጠኝ" ማለት ይችላል፤ ጽሑፉን ይዞ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድም ይቀላል። በትሕትና መናገር ይቻላል፤ "አቤት" ብሎም መጀመር ይቻላል። የገቢ ቁጥር የያዘ ሰው "ነገ ተመለስ" ሲባል የሚጠይቀው ነገር ግን ይለወጣል። "እባክዎ" ካለ በኋላ "ቁጥሩ ይህ፣ የገባበት ቀን ይህ፣ አሁን ማን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው?" ይላል። ሠራተኛው ይህን ለመመለስ መዝገቡን መግለጥና ስም ማንበብ አለበት።